በአንተ ስም የተቀበረው

ሰቆጣ፥ ኅዳር ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ለወንድሜ፥ ለእናቴ ልጅ፤

እንደምን አለህልኝ? ክረምቱ እንዴት አለፈልህ? ደረትህን ያምህ ነበር፤ ያ ሳል ተወህ ወይ? ይህን የምጠይቅህ እኔ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ጠላ ጠምቄ፥ ካህናቱን ጠርቼ ሙት ዓመትህን ሳወጣ የኖርሁ ሰው ነኝ። ስምህ ከሙታን ጋር ሲጠራ «ነፍስ ይማር» እያልሁ ከፊት ቆሜአለሁ። አሁን ተመልሼ «ጤናህ እንዴት ነው?» ብዬ ስጽፍልህ ብዕሩ ራሱ የሚያምነኝ አይመስለኝም። ቢሆንም እጠይቅሃለሁ፤ ደኅና ነህ ወይ? በልተህ ታድራለህ ወይ? ስትታመም ውሃ የሚያቀብልህ ሰው አለህ ወይ?

እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ወደ አባታችን ቤት ተመልሼ እናታችንን እጦራለሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰውን በድምፁና በአረማመዱ ነው የሚለዩት። አባታችን ማረፋቸውን ምንዋጋው ነግሮሃል፤ እንዴት እንዳረፉና የት እንደተቀበሩ ግን እሱም አያውቅም። እሱን እኔ እጽፍልሃለሁ፤ ትንሽ ታገሠኝ።

የጨው ነጋዴው ምንዋጋው ባለፈው የማክሰኞ ገበያ ከተበተነ በኋላ መጣ። እንደ ደንቡ ከውጭ በር ቆሞ አስነገረ፤ ግባ ሲባል ጋቢውን አደግድጎ ገባ፤ ለእናታችን እጅ ነሣ። የመንገዱን፥ የዝናቡን፥ የጨውን ነገር ሲያወራ ቆይቶ ልሸኘው ብወጣ ከጎተራው አጠገብ ቆመና «እመቴ፥ ለእርስዎ ብቻ የታዘዝሁት ቃል አለኝ» አለኝ። እሺ ስለው ዙሪያውን አየና እንዲህ አለ፦ «አስመራ ላይ አንድ ግንበኛ አለ። ገብረ ኪዳን ይባላል። እንዲህ በላት አለኝ፤ ከሾላው ሥር ልብስ ስንለዋወጥ ያየሽን አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ በእግሩ የሚሄደው ነበርሁ።»

ጎተራውን ተደግፌ ቀረሁ። ምንዋጋው በሚካኤል ስም እንዳስማልኸው፥ ሁሉንም እንደነገርኸው፥ እናታችን ሳይሞቱ ልታያቸው እንደምትፈልግና መምጣቱን ግን እንደፈራኸው አንድ በአንድ አጫወተኝ። እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ይልቅ ሾላው ነበር የታየኝ።

ታስታውሳለህ አይደል፥ እኛ ቤት ሰው መለካት የሚጀምረው ከበሩ ነበር። ማን ከበቅሎው ከውጭ እንደሚወርድ፥ ማን እስከ አዳራሹ ደጃፍ ተቀምጦ እንደሚመጣ፤ ማን ከምንጣፍ ላይ፥ ማን ከአፈሩ ላይ እንደሚቀመጥ፤ የእጅ ውሃ ሲመጣ ማን ቀድሞ እንደሚዘረጋ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ስንድህ ነው ያወቅነው። አንተንና ገብረ ኪዳንን ያጠባች አንዲት ሴት ናት፤ አንተን ሲወልዱ እናታችን ታመው ስለነበር ፈጪዋ ወለተ ሐና አንድ ጡቷን ለልጇ፥ አንድ ጡቷን ላንተ ሰጠች። ጡት ከጣላችሁበት ቀን ጀምሮ ግን አንተ ከምንጣፉ ላይ፥ እሱ ከበሩ ሥር ሆነ። ስትበላ ውሃ ይዞ ይቆማል። ስትተኛ ከግርጌህ ነው። እሱ «ጌቶች» ይልሃል፤ አንተ «ና አንት» ትለዋለህ።

ከከተማው ወጥታችሁ ሾላው ሥር ስትደርሱ ግን ሌላ ሰው ትሆኑ ነበር። እንጨት ለሚለቅሙት ሴቶች ምሳ ላደርስ ሄጄ ነው ያየኋችሁ። እሱ በርኖስህን ለብሶ፥ ራሱን ቀና አድርጎ በበቅሎህ ላይ ተቀምጧል፤ አንተ የእሱን ቡቱቶ ደርበህ ልጓም ትስባለህ። ጫማህ ብቻ እንቢ ብሎት በእጁ አንጠልጥሎታል። እግሩ ሰፊ ነበር፤ ከተወለደ ጀምሮ ድንጋይ የረገጠ እግር የአስመራ ጫማ ውስጥ አይገባም። ሁለታችሁም እስክትንፈራፈሩ ትስቁ ነበር። እኔን ስታዩ ሳቃችሁ ቆመ። እሱ ከበቅሎው ዘሎ ወረደና መሬት ሳመ። «አትናገሪ» አልኸኝ፤ አልተናገርሁም። ያኔ የልጅ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ወደ ኒሯቅ በተላካችሁ ቀንም እንደዚያው ለብሳችሁ እንደነበር ምንዋጋው ነገረኝ። የፀለሪን ወንዝ ሞልቶ ስታገኙት አንተ የሎሌ ልብስ ለብሰሃልና ውሃውን ልፈትን ብለህ እግርህን ስታነሣ፥ ገብረ ኪዳን ከበቅሎው ላይ ሆኖ «ጨዋታው እዚህ ላይ ይብቃ ጌቶች፥ ውሃ መፈተን የእኔ ሥራ ነው» ብሎ ቀደመህ። ጌታ መስሎ እንደተቀመጠ፥ እንደ ሎሌ ገባ። ከላይ የመጣው ደራሽ ጎርፍ በቅሎውንም እሱንም ወሰዳቸው። አንተ እየጮህህ በዳር በዳር ሮጥህ፥ ገደሉ እስኪያግድህ።

ከዚያ ለምን እንዳልተመለስህ ምንዋጋውን ጠየቅሁት። ያልኸውን ቃል በቃል ነገረኝ፦ «ቤት ብገባ ምን እንደሚሉኝ አውቅ ነበር። 'እንኳን አንተ ተረፍህ! ሎሌ ይገኛል' ብለው እግሬን አጥበው እራት ያቀርቡልኝ ነበር። ያንን እራት መብላት አቃተኝ።» ወንድሜ፥ ቃሉን ስሰማ ደነገጥሁ፤ እውነት ነው፥ እንደዚያ ነበር የምንልህ። እኔም ጭምር። ከጨው ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅለህ ወደ ትግሬ ስትወጣ ስምህ ማን ነው ቢሉህ የእሱን ስም ጠራህ። ደግሞ መንገድ ላይ «የፊታውራሪ ልጅ ውሃ በላው» የሚል ለቅሶ ሲያልፍ ሰምተህ ከሚያለቅሱት ጋር ተቀምጠህ ለራስህ አለቀስህ።

አሁን በዚህ በኩል የሆነውን ልንገርህ።

ሬሳውን የአበርገሌ ፍየል ጠባቂዎች ከወንዙ ታች፥ ከቋጥኝ ሥር ነው ያገኙት። ፊቱን ድንጋይ አጥፍቶታል፤ በርኖስህ ግን ከላዩ ላይ ነበር። በቃሬዛ አምጥተው ፀሐይ ከግቢያችን ላይ ሳለች ከአዳራሹ ፊት አወረዱት። ሁሉም በየቦታው ቆመ። እናታችን ከደጃፉ ደረጃ ላይ፥ እኔ ከጎናቸው፥ መሪጌታ ገብረ አምላክ መስቀላቸውን ይዘው ከራስጌው። ሎሌዎቹና ገረዶቹ እንደ ደንባቸው ከታች መሬት ላይ ተደፍተዋል፤ ወለተ ሐናም ከእነሱ መካከል ናት። አባታችን «ግለጡልኝ» አሉ። የተሸከሙት ሰዎች ፊቱን ለማሳየት አፍረው ከእግሩ በኩል ገለጡ።

አባታችን ጎንበስ አሉ። እግሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የገዛ ኩታቸውን ከትከሻቸው አውልቀው እግሩ ላይ ጣሉና ቀና ብለው «ልጄ ነው» አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ፥ ቀስ ብለው። ድምፃቸው እንደዚያ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም። ጩኸቱ ያን ጊዜ ተነሣ።

ከአባታችን አያት ጀምሮ የቤተ ሰባችን ትልልቆች ከሚያርፉበት፥ ከሚካኤል ግቢ ካለው የመቃብር ቤት ቀበርንህ። ነጋሪት ተመታ፤ ጋሻና ጦርህን ከፊት ይዘው ዞሩ፤ ከላስታም፥ ከዋግ ዝቋላም ሰው መጣ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ወለተ ሐና ፊቷን ነጭታ፥ ደረቷን እየደቃች ስትወድቅ አስለቃሿ ሄዳ በክንዷ ገፋቻትና «ምን ሆነሻል አንቺ፥ ከእመቤትሽ በላይ አታልቂሺ!» አለቻት። ያየሁት ዛሬም አይጠፋኝም። ወለተ ሐና አፏን በነጠላዋ ጠቀጠቀች። እንደ ተገፋች ወደ ኋላ፥ ወደ ኋላ ሄዳ ከገረዶቹ ጀርባ ቆመች። ትከሻዋ ይርገፈገፋል፤ ድምፅ ግን የለም። እናታችን ይህን ሰምተው ከሳምንታት በኋላ ቀሚስ አለበሷት፤ «ልጄን እንደ ልጇ ያለቀሰች» አሉ፥ በሰው ፊት።

ለልጇስ ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ለገብረ ኪዳን ለቅሶ ይቀመጥለት ሲባል «ሬሳው ሳይገኝ አላለቅስም፤ ይመጣ ይሆናል» አለች። ሰዎቹ አዘኑላት፤ ተስፋ ያደረገች መሰላቸው። አባታችን ደግሞ ክረምቱን በሙሉ ሰው ሲልኩ ከረሙ። ፀለሪን እስከ ተከዜ ድረስ አስፈለጉ። የተላኩት ሰዎች መሰልቸት ጀምረው ነበርና አንዱ ጓንጉል የሚባለው «ጌታዬ፥ ለአንድ ሎሌ ይህን ያህል?» ቢላቸው፥ አባታችን ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ማንን ያስፈልጉ እንደነበር የገባኝ ምንዋጋው ከመጣ በኋላ ነው። አንተን ነበር፥ በሎሌህ ስም።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ጆሮውን አቁሞ የሚኖር ቤት ሆነ። ክፍልህ እንደ ነበረ ነው። ከቤት የቀረው ጫማህ ከአልጋህ ሥር ተቀምጧል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይወለወላል፤ የእናታችን ትእዛዝ ነው። በአዳራሹ ከአባታችን መደብ ቀኝ ያለው ያንተ ቦታ ላይ እንግዳ እንኳ አይቀመጥም፤ በፊቱ የሚያልፍ ሰው ጎንበስ ይላል፥ ለባዶ ምንጣፍ። ገረዷ ታይቱ በቀትር፥ ሰው ሁሉ ከሜዳ ሳለ፥ በአዳራሹ ውስጥ የሚሄድ ሰው ኮቴ እሰማለሁ ትል ነበር። «የጌቶች ነፍስ ነው» አሏት። እሷ ግን «ጌቶች ጫማ ያደርጉ ነበር፤ ይኼ የባዶ እግር ነው» ብላ ተከራከረች። እናታችን ይህን ሲሰሙ ታይቱን ከቤት አስወጧት። ኮቴውን ግን እኔም ሰምቼዋለሁ። ከበሩ ሥር ይነሣና እስከ ምንጣፉ ዳር ይመጣል። ምንጣፉን አይረግጥም።

ወለተ ሐና የመቃብሩን ቤት ስትጠርግ ኖራለች። ማንም አላዘዛትም። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አደግድጋ፥ በጌታ ፊት እንደሚቆም ሰው ትቆማለች፤ ሰው ካለ «ጌታዬ» እያለች እጅ ትነሣለች። ከደንጊያው ላይ እጇን ስታሳርፍ አይቼ አላውቅም። ስትፈጭ ደግሞ በአገውኛ ታንጎራጉራለች። እናታችን የላስታ ሰው ናቸውና አይሰሙትም። እኔና አንተ ግን ቋንቋውን ከእሷው ጉያ ነው የተማርነው። «ረጅም ልብስ አለበሱህ፥ የሰው ብርድ ልብስ ውስጥ አስተኙህ፥ ስጠራህ ማን ብዬ ልጥራህ» ትላለች። ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰምቼ፥ የሐዘን እንጉርጉሮ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

አባታችን ከቀብሩ በኋላ አንድ ነገር አመጡ፤ ቤተኛው ሁሉ ያየው፥ ማንም ያልተናገረው። ወለተ ሐና ወደ አዳራሹ ስትገባ ከመደባቸው ላይ ይነቃነቃሉ። መነሣት እንደሚፈልግ ሰው እጃቸውን መከዳው ላይ ይጥላሉ፤ ግማሽ ያህል ከፍ ይላሉ፤ ከዚያ ሰው እንዳለ ትዝ ሲላቸው ይቀመጣሉ። የእጅ ውሃ እሷ ካመጣች አይታጠቡም፤ «ሌላ ሰው ያምጣ» ይላሉ። እናታችን «አርጅተዋል፥ ወገባቸው ነው» ይሉ ነበር። ፊታውራሪ ለፈጪ ይነሣል ብሎ ማን ያስባል?

ሊሞቱ ሲሉ መሪጌታ ገብረ አምላክን አስጠርተው «በልጄ ግርጌ ቅበሩኝ» አሉ። መሪጌታ ደንግጠው «ጌታዬ፥ አባት ከልጁ ራስጌ ነው የሚያርፈው፤ ሹመትም ልደትም እንደዚያ ነው» ቢሏቸው፥ «በግርጌው ብያለሁ» አሉ። ተከራክረው ነበር፤ ዘመዶቻችንም ተቆጥተው ነበር። ነገር ግን የመጨረሻ ቃል ነውና ሆነ። አሁን አባታችን ከእግሩ ሥር ናቸው። መሪጌታም የነፍስ አባታቸው ነበሩና የሚያውቁትን ይዘው ተከትለዋቸው ሄደዋል። ሌላውን አልጽፈውም፤ አንተም አባታችንን ታውቃቸዋለህ፥ የገብረ ኪዳንንም መልክ ታስታውሳለህ። ከኋላ ሲያዩዋችሁ ሰዎች ይሳሳቱ ነበር።

ምንዋጋው ከሄደ በኋላ ለእናታችን እንዴት ልንገራቸው ብዬ ብዙ አሰብሁ። በድንገት ብነግራቸው የሚሞቱብኝ መሰለኝ። ስለዚህ የሌላ አገር ወሬ አስመስዬ ጀመርሁ። «የአንድ ባላባት ልጅ ሞቷል ተብሎ ተለቅሶለት፥ ለካ በሰው አገር ድንጋይ እየጠረበ፥ በሎሌው ስም እየተጠራ ይኖራል አሉ» አልሁ። ፊታቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩ ሰሙኝ። ከዚያ «የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም፤ የኔ ልጅ ግን በነጋሪት ተቀብሯል» አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ነበር፥ ሎሌ ሲያዙ እንደነበረው።

በማግሥቱ ፀጉራቸውን እየሠራሁላቸው ሳለ፥ ማንም ሳያነሣባቸው፥ «ያ ያልሽው ሰው በባዶ እግሩ ነው የሚሄደው?» አሉኝ። ግንበኛ ምን ጫማ ያደርጋል አልሁ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ። «ተረከዙ ተሰነጣጥቆ ይሆናላ» አሉ፤ «እንደዚያኛው።» እጄ ፀጉራቸው ውስጥ ቆመ። ከደጃፉ ደረጃ ላይ ሆነው፥ ከአባታችን ኩታ በፊት፥ እሳቸውም አይተውት ነበር። ዓይናቸው ያን ጊዜ ደኅና ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ጫማህን ያስወለወሉት፥ ታይቱን ያባረሩት፥ ለባዶ ምንጣፍ ሰው ያስጎነበሱት እያወቁ ነው።

«ወለተ ሐናን ጥሪልኝ» አሉ። ጠራኋት። ገብታ ከበሩ ሥር ቆመች። እናታችን ኮቴዋን ሰምተው «ቅረቢ» አሉ፤ ቀረበች። «ተቀመጪ» አሉ፥ ከአልጋቸው አጠገብ ያለውን ምንጣፍ በእጃቸው እየመቱ። ወለተ ሐና እኔን አየችኝ፥ ምንጣፉን አየች። ጉልበቷ አልታጠፈላትም። በዚያ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ ኖራለችና መቀመጥ አቃታት። እናታችንም ሊናገሩ የፈለጉት ነገር አቃታቸው። ሁለት አሮጊቶች፥ አንዷ ከአልጋ ላይ አንዷ ቆማ ቀሩ። በመጨረሻ እናታችን «ሂጂ በቃ፥ ዱቄቱ እንዳይነካብሽ» አሏት። ወጣች። እናታችን ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ስላንተ አልጠየቁኝም፤ ግን ጫማውን «ከአልጋው ሥር አውጥተሽ ከበሩ አጠገብ አኑሪው» ብለውኛል። ይህን እንደ መልስ ውሰደው፤ ከእሳቸው የምታገኘው ይህ ነው።

ለወለተ ሐና የነገርሁት ከዚያ በኋላ፥ ከወፍጮ ቤት ሄጄ ነው። «ወለተ ሐና፥ አንድ ነገር ልነግርዎ መጥቼ ነበር» አልሁ። «ልነግርዎ» የሚለው ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። መጁን ለቀቁና ደንግጠው ተነሡ፤ «ምን አጠፋሁ እመቴ? ምን በደልሁ? እርስዎ የሚሉኝ ምን አድርጌ ነው?» አሉ። ለእሳቸው አክብሮት ማለት የቁጣ መጀመሪያ ነበር። አረጋግቼ አስቀመጥኋቸው፥ ከዚያው ከዱቄቱ መካከል። ከዚህ በኋላ «እሳቸው» ብዬ ብጽፍ አትደነቅብኝ፤ ወደ ሌላው መመለስ አልቻልሁም።

በሕይወት እንዳለህ ነገርኋቸው። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ልጃቸው አይደለም። «ይበላል? ከሰውነቱ ደኅና ነው? እሱም ጡቴን የጠባ ነው» አሉ። ቀጥሎ፥ እኔ ሳልጠይቃቸው፥ እንዲህ አሉኝ፦ «እመቴ፥ ያን ቀን ከመሬት ስለነበርሁ እግሩ ከፊቴ ነው። ተረከዙን አውቀዋለሁ፤ እሾኹን የነቀልሁለት እኔ ነኝ። ጌቶች ኩታቸውን ጣል ሲያደርጉበት ቀና ብለው አዩኝ። ዝም በይ አላሉኝም፤ በዓይናቸው ለመኑኝ። ጌታ ሲለምን አይቼ አላውቅም ነበር። ዝም አልሁ።»

እኔ የፈራሁትን ነገርኋቸው። ብትመጣ እውነቱ ይወጣል፤ ዘመዶቻችን ዝም አይሉም፤ «ሎሌ ከባላባት መቃብር ምን ይሠራል» ብለው ገብረ ኪዳንን ከዚያ ቤት ያወጡታል፤ ከግቢው አጥር ውጭ ያደርጉታል። ያ ክብር ለእሳቸው የቀረላቸው ነገር መስሎኝ ነበር፤ አይምጣ ይበሉት ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ፊቴን አዩኝ። ያዘኑልኝ መሰለኝ።

«የድንጋዩ ቤት ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። «ልጄን ጌታዬ እያልሁ እጅ ስነሣው ኖርሁ። አንድ ቀን ገብሬ ብዬ አልጠራሁትም፤ ሰው አለ ብዬ ፈራሁ፥ ሰው ከሌለ ደግሞ ከዚያ የተኙት ጌቶች አሉ። ያውጡት፤ ከአጥር ውጭ ያድርጉት፤ እኔ ከውጭ ነኝ፥ አገኘዋለሁ። ስሙን ጠርቼ አንድ ቀን ላልቅስ።»

ስለዚህ ና። እናታችን አልጠሩህም፤ አባታችን የሉም፤ ዘመዶቻችን ምን እንደሚሉህ፥ ርስቱን ምን እንደሚያደርጉት አላውቅም። እኔ ግን ና እልሃለሁ። ወንዞቹ ጎድለዋል፤ ምንዋጋው ሲመለስ አብረኸው ውጣ። በቀን ግባ፤ ከጓሮ አትምጣ።

ወለተ ሐና አንድ አደራ አላቸው። ብዙ ካመነቱ በኋላ፥ ወደ እንስራው ዞር ብለው ነው የተናገሩት። «ሲመጣ» አሉ፥ «ከውጭ በር ይቁም። በረኛው 'ማን መጣ ልበል?' ሲለው፥ 'ገብረ ኪዳን' ይበል። ይህን ንገሩልኝ እመቴ። በትልቁ በር፥ ጮክ ተብሎ፥ ገብረ ኪዳን መጣ ይባልልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ከዚህ እሰማለሁ። ከዚያ በኋላ የራሱን ስም ይውሰድ፥ እኔም ለቅሶዬን እቀመጣለሁ።»

ለበረኛው እኔ እነግረዋለሁ፤ እንዳይገፋህ። እሳቸው ያሉትን አድርገህ ቁም፤ ስሙ እስኪጠራ ድረስም አትግባ።

ቅዱስ ሚካኤል ከፊትህ ይቅደም፤ ከኋላህም ይከተል። መንገዱን ያቅናልህ፤ እግርህን ከእንቅፋት ይጠብቅልህ። እናታችንን ለዚያች ቀን ያቆይልን፤ ያረፉትን ነፍሳት በየስማቸው ያስባቸው።

በናፍቆት የምትጠብቅህ፥

የሁለታችሁ እህት።